የአዋሽ ዳር መሬት ለሽንኩርት፦ ከመከራየታችን በፊት አፈሩን እንዴት እንይ?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከአዳማ ነው። ከባለቤቴ ወንድም ጋር ከወንጂ ዝቅ ብሎ አዋሽ ዳር 4 ጥማድ መሬት በኮንትራት ልንይዝ ነው። ወደ አንድ ሄክታር ማለት ነው። ሐሳባችን ሽንኩርት ነው።

ነሐሴ ላይ ወንዙ ሞልቶ መሬቱን አልብሶት ነበር። ውሃው ሲሸሽ ሁለት ጣት የሚሆን ደለል ትቶ ሄደ። ላዩን ስታዩት ያስጎመጃል። ይፈረፈራል፣ ሽታውም ደስ ይላል። ደላላው ያሳየን ይህንኑ ነው፤ እያፈሰ፣ በመዳፉ እያሸ።

እኔ ግን አምና የተቃጠልኩት በዚሁ ነው። ወንዙ በሚታጠፍበት ሌላ ቦታ 2 ጥማድ ይዘን ነበር። አፈሩ ጥቁር፣ ውሃው ቅርብ። ችግኙ ቆንጆ አድርጎ ያዘ። ሦስተኛውን ውሃ ካጠጣን በኋላ ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ መሆን ጀመረ። መድኃኒት ረጨን፣ ዩሪያ ጨመርን፣ አልተመለሰም። አንዱን ነቅዬ ሳየው ሥሩ በስብሷል። በዶማ ስንቆፍር አንድ ክንድ ሳንወርድ እንደ ሊጥ የሚጣበቅ ግራጫ ጭቃ አገኘን። ውሃው እሱ ላይ ተኝቶ ነበር። የኮንትራቱ፣ የዘሩ፣ የነዳጁ፣ የቀን ሠራተኛው ገንዘብ ሁሉ እዚያው ቀረ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት ይህ መሬት ሽንኩርት እንደሚሸከም በምን ልወቅ? ላዩን አይቶ መፍረድ እንደማያዋጣ ገብቶኛል። ታዲያ ምኑን ልይ?

(ክሩ ስለረዘመና አዲስ የሚገቡ ሰዎች ያንኑ ጥያቄ ስለሚደጋግሙ፣ የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ። አንዳንዶቹን አሳጥሬያለሁ።)

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ ቦፋ አካባቢ የሚያርስ ሰው ነው። ሰላምታውን አብዝቶ ጀመረና መሬቱን ከመንካቴ በፊት ዙሪያውን እንድዞር መከረኝ። የግራሩን ግንድ እይ አለኝ፤ ውሃው የደረሰበት ልክ ጭቃው ደርቆ ይታያል። ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ገለባና ጨርቅ ካለ ውሃው እስከዚያ ወጥቷል ማለት ነው። ቄጠማ በብዛት የበቀለበት ቦታ ውሃ አይለቅም። በቆሎ ካለ ደግሞ ቁመቱን አስተያይ አለኝ፤ በአንድ ማሳ ውስጥ ግማሹ ደረት ደርሶ ግማሹ ጉልበት ላይ ከቀረ ሥሩ ያለው አፈር አንድ አይደለም። ይህን ምክር የሰጠኝ ሰው አምና ቢኖረኝ ኖሮ ብዬ አሰብኩ።

መልስ 2

ከሁሉም የጠቀመኝ ይህ ነው። ጸሐፊው አፈር ያጠና ሰው ይመስላል፤ ራሱን ግን አላስተዋወቀም። ቆፍር ነው ያለኝ። ጥልቀቱ አንድ ሜትር፣ ስፋቱ ሰው ገብቶ የሚቆምበት። አንድ ጉድጓድ ብቻ ሳይሆን ቢያንስ ሦስት፤ ወንዙ አጠገብ፣ መሀል ላይ፣ ከወንዙ በራቀው ዳር።

ለምን ሦስት እንደሆነም አስረዳ። ወንዝ ሞልቶ ከአልጋው ሲወጣ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ፍጥነቱ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚጥለው ከባዱን፣ አሸዋውን ነው። ስለዚህ አሸዋው ዳሩ ላይ ይቀራል፤ ዳሩም ከፍ ይላል። መካከለኛው ደለል ትንሽ ራቅ ብሎ ያርፋል። በጣም ደቃቁ ሸክላ ውሃው ዝቅ ያለ ቦታ አግኝቶ ሲተኛ ቀስ ብሎ ይወርዳል። በየጎርፉ ይህ ይደገማል። በዚያ ላይ ወንዙ ራሱ ቦታውን ይቀይራል። ዛሬ ሸክላ የሆነው ቦታ ከሥሩ የድሮ አሸዋ ሊኖረው ይችላል፤ ዛሬ አሸዋ የሆነውም ከሥሩ የድሮ ረግረግ። የወንዝ ዳር መሬት እንደ ድርብ እንጀራ ነው፣ ከላይ ያለው ስለ ታችኛው አይናገርም አለ።

ጉድጓዱ ውስጥ ምን እንደምፈልግም ነገረኝ። ቀለሙ የሚቀየርበትን ጥልቀት ለካ። ቡናማ አፈር አየር ያገኛል። ግራጫ ወይም ሰማያዊ የሚያደላው ውሃ ውስጥ ከርሟል። በግራጫው ላይ እንደ ዝገት ያለ ነጠብጣብ ካየህ ውሃው እዚያ ድረስ ይወጣል፣ ይወርዳል ማለት ነው።

መልስ 3

አጭር ናት። መቆፈር ጊዜ ማባከን ነው፣ አፈሩን ላቦራቶሪ ላክና ጨርስ የሚል።

መልስ 4

ለመልስ 3 የተሰጠ ማረሚያ ነው፤ በአክብሮት። ለላቦራቶሪ የሚወሰደው አብዛኛውን ጊዜ ከላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር ነው። ወረቀቱ ፎስፈረሱንና ናይትሮጂኑን ይነግርሃል፤ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ የተኛውን ጭቃ ግን አያውቀውም። ላቦራቶሪ ይቅር ማለቱ አይደለም፤ ከጉድጓዱ በኋላ ይምጣ ነው።

አወሳሰዱንም ጻፈ። በማሳው ላይ እየተጠማዘዙ ከ10 እስከ 15 ቦታ ማንሳት፤ በንጹሕ ባልዲ መቀላቀል፤ ከዚያ ግማሽ ኪሎ ያህል መላክ። ከብት ካደረበት፣ አመድ ከተደፋበት፣ ከአጥር ሥር አይወሰድም። ማዳበሪያ በነበረበት ከረጢት ውስጥም አይጨመርም። የተለያየ አፈር ካለ ለየብቻው ነው፤ አሸዋውና ሸክላው ከተቀላቀሉ ወረቀቱ የማንንም መሬት አይገልጽም።

መልስ 5

ይህ ወንድም አንድ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ። የሽንኩርት ሥር አጭር ነው፣ አብዛኛው ከ30 ሴንቲ ሜትር አያልፍም። ታዲያ አንድ ሜትር መቆፈር ለምን?

መልስ 6

የመልስ 2 ጸሐፊ ተመልሶ መለሰለት። ሥሩ አይወርድም፣ ውሃው ግን ወደ ሥሩ ይወጣል። ከታች ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ ካለ ያጠጣኸው ሁሉ እሱ ላይ ይጠራቀማል። በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ውሃ ደረጃው ወደ ላይ ይመጣል። ሥር አየር ያጣል፣ ይበሰብሳል። የእኔን የአምናውን ታሪክ ጠቅሶ ነው የጻፈው። ሦስተኛውን ውሃ ስናጠጣ የሆነው ይኸው ነበር። እኔ መድኃኒት እየረጨሁ ነበር።

መልስ 7

ይህ የኔ ነው። እሑድ ጠዋት ሄደን ቆፈርን፤ ያየነውን ጻፍኩ።

አንደኛው ጉድጓድ ከወንዙ 20 እርምጃ ላይ ነው። ሁለት ጣት አዲስ ደለል፣ ከሥሩ አሸዋ የበዛበት ቡናማ አፈር። 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ዶማው ድምፁ ተቀየረ፤ ክርች ክርች አለ። ነጭ፣ ቀላል፣ ባቄላ የሚያህል ጠጠር ነው። አንድ እፍኝ ባልዲ ውስጥ ስጨምረው ተንሳፈፈ።

ሁለተኛው መሀል ላይ ነው። እስከ 70 ሴንቲ ሜትር አንድ ዓይነት ቡናማ አፈር። በእጅ ሲያዝ ይሰበሰባል፣ በጣት ሲነካ ይፈረሳል። የሣር ሥር እስከ ታች ወርዷል፤ የአፈር ትሎችም አየን።

ሦስተኛው ከወንዙ በራቀው ዝቅ ያለ ዳር ነው። ላዩ ጥቁር፣ ጣት የሚያስገባ ንቃቃት አለው። ዶማው ገብቶ አልወጣ አለን። 35 ሴንቲ ሜትር ላይ ግራጫው ጀመረ። በግራጫው መሀል የሥር ቀዳዳ በነበረበት ሁሉ ብርቱካናማ ክር ይታያል። ልክ እንደ ዛገ ሽቦ። ማክሰኞ ስንመለስ ጉድጓዱ ግርጌ ላይ ውሃ ነበር። ዝናብ አልዘነበም።

በአንድ ማሳ፣ በአንድ ኮንትራት፣ ሦስት መሬት።

መልስ 8

እርጥብ አፈር በመዳፍ አድቦልቡልና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል እየገፋህ እንደ ጥብጣብ አውጣው አለኝ አንድ የግብርና ተማሪ። 2 ተኩል ሴንቲ ሜትር ሳይደርስ ከተበጠሰ ሸክላው ትንሽ ነው። ከ2 ተኩል እስከ 5 መካከለኛ። ከ5 ካለፈ ሸክላው በዝቷል። ሞከርኩት። የመጀመሪያው ጨርሶ አልወጣም፣ የሁለተኛው 3 ላይ ተበጠሰ። የሦስተኛው ከ6 አልፎ እንደ ላስቲክ ተንጠለጠለ።

ስለሚንሳፈፈው ጠጠርም ነገረኝ። የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው፤ በኛ ስምጥ ሸለቆ ብርቅ አይደለም። በውስጡ ቀዳዳ ስለሞላው ነው የሚንሳፈፈው። አሸዋና ይህ ጠጠር ያለበት ቦታ ውሃ ቶሎ ስለሚያሳልፍ ቶሎ ቶሎ፣ በትንሽ በትንሹ ማጠጣት ይፈልጋል። ነዳጁን አስበህ ግባ አለኝ።

መልስ 9

ከሞጆ ወዲህ የሚያርሱ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ልጃቸው እየጻፈላቸው። ሁላችሁም መጥፎ መሬት ትላላችሁ፣ መጥፎ ለምን? ብለው ጠየቁ። ጥቁር መረሬ፣ ውሃ የሚይዘው ሸክላ አፈር፣ ለሽንኩርት መጥፎ ነው እንጂ ዝናቡ ሲያበቃ ሽምብራና ጓያ ዘርተው በያዘው እርጥበት ብቻ ያበቅሉበታል፤ ሞተር የለ፣ ነዳጅ የለ። መሬትን ከሰብሉ ለይቶ መፍረድ ልክ አይደለም አሉ። እኔ በዚህ አነጋገር ልቤ ተነካ። ሽንኩርት ሽንኩርት ስል ጥያቄዬን ራሱን አጥብቤው ነበር።

መልስ 10

ከመተሐራ የጻፈ ሰው እዚያ ያለውን የበሰቃን ሐይቅ አነሳ። ሐይቁ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ነው፤ ዛሬ ከ40 አልፏል። ጨዋማ ነው፣ ማሳ እየበላ ነው። አዋሽ ዳር ገንዘባችሁን አትጣሉ የሚል ማስጠንቀቂያ ነበር።

መልስ 11

እዚህ ላይ ነገሩ ከረረ። ውሃ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይፈስም፣ መተሐራ ከወንጂ በታች ነው፣ ካርታ ሳታይ ሰው አታስፈራራ የሚል መልስ መጣ። እርማቱ ልክ ነው። አነጋገሩ ግን ማሳው በሐይቅ ለሚዋጥበት ሰው የሚገባ አልነበረም።

መልስ 12

የመልስ 4 ጸሐፊ ወደ ቁም ነገሩ መለሰን። በሰቃ ባይደርስብንም ጨው ከሩቅ ብቻ አይመጣም አለ። ወንጂ ላይ ስኳር ፋብሪካው ከተተከለበት ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሸንኮራ በመስኖ እየጠጣ ነው፤ የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ ቀርቧል። ውሃ ቅርብ ሲሆን ፀሐይ ትስበዋለች፣ ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። ከመስኖ በኋላ በመደቡ ጫፍ ላይ ነጭ ቅርፊት ካየህ ያ ነው።

ቁጥርም ሰጠ። ሽንኩርት ጨው ከማይችሉት ነው፤ በአፈሩ ውስጥ ያለው ጨው 1.2 ዴሲሲመንስ በሜትር (የጨው መጠን የሚለካበት ነው) ካለፈ ምርቱ መቀነስ ይጀምራል። ቲማቲም እስከ 2.5 ይታገሣል። ጥጥ 7.7፣ ገብስ 8። አንድ ጥንቃቄ ጨመረ፣ እኔ ፈጽሞ የማላውቀውን። እነዚህ ቁጥሮች አፈሩ እስኪጠግብ ብቻ ውሃ ጠጥቶ፣ ከዚያ ተጨምቆ በሚወጣው ውሃ የተለኩ ናቸው። አንዳንድ ላቦራቶሪ ግን አንድ እጅ አፈር በአምስት እጅ ውሃ በጥብጦ ይለካል። ያ ስለቀጠነ ቁጥሩ ትንሽ ይወጣል። 0.4 የሚል ወረቀት ይዘህ ደስ ብሎህ እንዳትዘራ፣ በምን እንደለኩት ጠይቅ አለኝ።

መልስ 13

በጣም የተቆጣ ሰው ነው። የከተማ ሰዎች ስልክ ይዛችሁ የገበሬ መሬት ትቆፍራላችሁ፣ በጥብጣብና በቁጥር ትፈርዳላችሁ። ባለ መሬቱ አባት እናቱ ያረሱበትን ያውቃል። እሱን አልፎ ጉድጓድ መቆፈር ንቀት ነው አለ።

መልስ 14

ወዲያው ተመለሰለት፣ በባሰ ቁጣ። ባለ መሬቱ ኮንትራቱን ከተቀበለ በኋላ ሽንኩርቱ ቢበሰብስ ምን ይጎዳል? የሚከስረው ተከራዩ ነው። ቆፍሮ ማየት መብት ነው አለ። ከዚህ በኋላ ሦስት አራት ሰው ስድብ ተወራወረ። ያንን አላሰፍርም።

መልስ 15

አንዲት የልማት ሠራተኛ ገባች። ሁለታችሁም ግማሽ ይዛችኋል አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ቀጥታ ጠየቀችኝ። የመሬቱን ባለቤት አነጋግረሃል? ደላላውን ሳይሆን ባለቤቱን። ገበሬ አንድን ማሳ በአንድ ስም አይጠራም፤ የላዩን፣ የታቹን፣ የዳሩን ስም ጠይቅ፤ በየስሙ ምን እንደሚዘሩበት ጠይቅ አለችኝ።

አላነጋገርኩም ነበር። ሐሙስ ከሥራ መልስ ሄድኩ። አባባ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። መቆፈራችንን አውቀዋል፣ አልተቀየሙም። ጉድጓዶቹ ከብት እንዳይሰብሩ ድፈኗቸው ብቻ አሉኝ። ስለ ሦስተኛው ጉድጓድ ስነግራቸው ገረማቸው። ያ እኮ ኮቲቻ፣ ጥቁሩ ሸክላ አፈር፣ ነው አሉ፤ ድሮም ሽንኩርት ዘርተውበት አያውቁም፣ ሽምብራ ነው የሚዘሩበት። ወንዙም ሲሞላ መጀመሪያ የሚገባው በዚያ በኩል እንጂ በፊት ለፊት አይደለም። በየትኛው ዓመት እስከ የት እንደደረሰ በበትራቸው እያመለከቱ አሳዩኝ።

አንድ ሜትር ቆፍሬ ያገኘሁትን እሳቸው ቁጭ ብለው ነገሩኝ። ደላላው ግን አንድም ቀን እሳቸው ዘንድ አልወሰደንም። እኔም ውሰደኝ አላልኩትም። ለመልስ 13 ጸሐፊ እዚህ ላይ ይቅርታ እላለሁ፣ ስድቡን ባልወድለትም።

መልስ 16

ስለ ደለሉ ነው። ከቆቃ ግድብ በታች ላለ መሬት ደለል ሁሉ ማዳበሪያ ነው ማለት እንደማይቻል የሚያስረዳ። ግድቡ ሥራ ከጀመረበት ከ1960 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከላይ የሚመጣው ደለል አብዛኛው እዚያው ይቀራል፤ ሐይቁም በዚሁ እየሞላ ነው። ወደኛ የሚደርሰው ወንዙ ከዳሩ የቦረቦረው፣ በየጅረቱ የገባውም ነው። ስለዚህ አሸዋም ሊሆን ይችላል፣ መካን የሆነ የታችኛው አፈርም። ጎርፉም ቢሆን ሰማዩን አይቶ አይታወቅም፤ ግድቡ ሞልቶ ሲከፈት እናንተ ዘንድ ሳይዘንብም ይመጣል።

መልስ 17 እስከ 20

እዚህ ላይ ወሬው ሌላ መንገድ ያዘ። አንዱ የአቃቂና የሞጆ ወንዝ ይዘው የሚመጡትን የፋብሪካና የቆዳ ማልፊያ ፍሳሽ አነሳ፤ ቅጠላ ቅጠል ለሚያለማ ሰው የውሃ ምርመራም እንደሚያስፈልግ። ይህ በራሱ ክር የሚገባው ነገር ነው። ሌላው በወንጂ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ጥርሳቸው ስለበለዘ ሰዎች ጻፈ። ሌላዋ ስለ እምቦጭ፤ በቆቃና በአዋሽ ላይ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መታየቱን። አንዱ ደግሞ የሽንኩርት ዋጋ ስንት ገባ ብሎ ጠየቀ፣ ማንም አልመለሰለትም።

መልስ 21

የቦፋው ሰው፣ የመልስ 1ዱ፣ ተመለሰ። አንድ ነገር ቀረህ አለኝ፤ ውሃው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሰርግ አልለካህም። ስንዝር ተኩል የሚሆን ጉድጓድ ቆፍር። ውሃ ሙላ፣ ይስረግ። የመጀመሪያው አይቆጠርም፣ የደረቀ አፈር መጀመሪያ ይጠጣል። ሁለተኛውን ሙላና ምልክት ያለው እንጨት አቁመህ በሰዓት እየው።

መልስ 22

ይህም የኔ ነው። ቅዳሜ ለካሁ። ወንዙ አጠገብ ያለው፣ ሁለተኛው ውሃ፣ የአባባ ባለቤት ያቀረቡልን ቡና ሳይፈላ አልቋል። መሀል ላይ ያለው በአንድ ሰዓት 6 ሴንቲ ሜትር ወረደ። ኮቲቻው ላይ ማታ ሞልቼ ጠዋት ስመጣ የወረደው ሁለት ጣት ነው። እንቁራሪት ገብቶበት ነበር።

መልስ 23

ሁለተኛው ጸሐፊ፣ ቆፍር ያለኝ፣ የመጨረሻውን ጻፈ። መሀሉን ለሽንኩርት ያዝ፤ የጎርፉ መግቢያ ከታች ስለሆነ የማፋሰሻ ቦዩን ወደዚያ አውጣው። ዳሩን አሸዋማውን ከያዝክ ለብቻው አጠጣው፣ ከመሀሉ ጋር በአንድ ፈር አታያይዘው፤ ያለዚያ አንዱ ሲጠማ ሌላው ይሰምጣል። ኮቲቻውን ለባለቤቱ ተውላቸው።

መልስ 24

እንደዚያው ነው የተስማማነው። ደላላው ሳይኖር፣ ከአባባ ጋር ቁጭ ብለን፣ ልጃቸው ባለበት። ከ4ቱ ጥማድ 2 ተኩሉን ያዝን። ክፍያውም በዚያው ልክ ተቀነሰ። ታች ያለውን ኮቲቻ እሳቸው በዚህ ሳምንት ሽምብራ ዘርተውበታል። ጨውን የሚያየው የላቦራቶሪ ወረቀት ገና አልመጣም፤ በምን ዘዴ እንደሚለኩት ጠይቄ ጽፌ ይዣለሁ። ወረቀቱ እስኪመጣ ችግኝ አላዛውርም። መደቡ ላይ የፈሰሰው የቦምቤ ሬድ ሽንኩርት ዘር በቅሏል፣ ዛሬ 12 ቀኑ ነው።